እንጀራ ሻጯ ያገኘችልኝ ቤት

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ መንዳት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት አለፈኝ። ከተማዋን በጉድጓዷ ሳይቀር አውቃታለሁ። ዝናብ ሲጥል የትኛው መንገድ ላይ ውሃ እንደሚተኛ፣ የትኛው ግቢ በር ላይ ውሻ እንደሚዘል ጠይቁኝ። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ላይ አከራዬ ጠርተውኝ «ልጄ ሊያገባ ነው፣ ክፍሏን እፈልጋታለሁ፣ አንድ ወር ሰጥቼሃለሁ» ሲሉኝ ብዙም አልደነገጥኩም። ቤት ነው እንዴ የሚጠፋው አልኩ።

ጠፋ። ሁለት ወር ከምናምን ጠፋ።

ይህን የምጽፈው ልጅ ብቻችሁን ለምታሳድጉ፣ ገቢያችሁም እንደኔ የዕለት ለሆነ ሰዎች ነው። እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ። ያኔ ትልቋ ስምንት፣ ትንሹ አራት ዓመቱ ነበር። እናታቸው አረብ አገር ከሄደች ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር። ስልኩ እየሳሳ እየሳሳ መጥቶ ቆሟል። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ትልቋ አሁን ማንበብ ትችላለች። የምነዳው ባጃጅ የሰው ነው። ያኔ በደህና ቀን የባለንብረቱን ገቢና ቤንዚኑን ከፍዬ 300 ብር ገደማ ይተርፈኝ ነበር። ቤንዚን ሰልፍ የዋልኩ ቀን ደግሞ ምንም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ጊዜ መብላቴ ነው። ከተሰጠኝ ሰላሳ ቀን ውስጥ አስራ ስድስቱን ምንም ሳልፈልግ አሳለፍኩ። ከተማውን አውቃለሁ፣ ሰው አውቃለሁ፣ ሲደርስ ይደርሳል እያልኩ። መንገድ ማወቅና ቤት ማግኘት አይገናኙም። ላጤ ብትሆኑ አስራ አምስት ቀን ይበቃችሁ ይሆናል። ልጅ ካላችሁ ግን «ልቀቅ» የተባላችሁበት ቀን ማታውኑ ጀምሩ።

ስጀምር የገባኝ ነገር አከራይ ሁሉ ሦስት ጥያቄ እንዳለው ነው። ስንት ናችሁ? ባለቤትህስ? ምን ትሠራለህ? በስልክ «ሦስት ነን፣ ሁለቱ ልጆች ናቸው» እላለሁ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። «ባለቤትህስ?» «የለችም።» ከዚያ ዝም ይባላል። ከዝምታው በኋላ «እስቲ ከቤት ሰዎች ጋር ልነጋገርና እደውላለሁ» ይመጣል። የደወለ የለም። አንዴ ቆጥሬአለሁ፣ በአንድ ሳምንት ዘጠኝ ሰው «እደውላለሁ» ብሎኛል።

ታቦር አካባቢ ያሉ አንዲት እናት ግን ፊት ለፊት ነገሩኝ። ክፍሉን አሳይተውኝ፣ በዋጋ ተስማምተን፣ ቡና ላይ ደርሰው አስቀምጠውኝ ነበር። ልጆቼን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ስኒውን ተቀበሉኝና እንዲህ አሉኝ፦ «የኔ ልጅ፣ ክፉ ሰው አትመስልም። ግን እናት የሌላት ሴት ልጅ ግቢዬ ውስጥ ስታድግ፣ ነገ አንድ ነገር ብትሆን ሰው የሚጠይቀው አንተን አይደለም፤ እኔን ነው።» ተናድጄ ወጣሁ። ባጃጁን አስነስቼ ሳላስበው ሐይቁ ዳር ደረስኩ።

ለወራት ሳስበው ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን ውለታ እንደዋሉልኝ ይሰማኛል። ሌሎቹ ዘጠኙ የፈሩትን ደብቀው ስልክ ዘጉብኝ። እኚህ የፈሩትን ነገሩኝ። የፈሩት ድህነቴን አልነበረም፤ እኔ ሥራ ስውል ልጅቷ ከማን ጋር ትውላለች የሚለውን ነው። ለዚህ ደግሞ መልስ ማዘጋጀት ይቻል ነበር። እኔ ግን ሰው ሁሉ «ገንዘብ አለህ ወይ» የሚለኝ እየመሰለኝ ስለ ገንዘቤ ብቻ አወራ ነበር።

ለእናቶች ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። ቤንዚን ሰልፉ አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጥ፣ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ልጅ አለች። እሷን የሚጠይቋት «ወንድ ይመጣብሻል?» እያሉ ነው። እንዴት እንደምትመልስ ስጠይቃት ሳቀችና «የልጄ አባት ቅዳሜ በር ላይ መጥቶ ልጁን ወስዶ ይመልሳል፣ ሌላ ሰው አይገባም እላለሁ። ሳይጠይቁኝ ቀድሜ ነው የምለው» አለችኝ። ቀድሜ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢም ሞክሬ ነበር። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ በዙሪያው ያሉ ግቢዎች በሠራተኛ ሴቶች ሞልተዋል። ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። አንድ አከራይ ሒሳቡን ቁልጭ አድርገው አስረዱኝ። «አራት ልጆች በነፍስ ወከፍ 800 ይከፍሉኛል። ቀን ፋብሪካ ናቸው፣ ማታ ድካም ነው፣ ይተኛሉ። አንተ 2,000 ልትከፍለኝ፣ ልጆችህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ግቢዬ ውስጥ ሲሮጡ ሊውሉ?» ምን ብዬ ልመልስላቸው? ሒሳቡ ልክ ነው። እዚያ ሰፈር አንድ ሳምንት አባክኜ ተውኩት። በሰው ቁጥር የሚከራይበት ሰፈር ውስጥ ልጅ ይዛችሁ አትድከሙ።

ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ደላላ ጋ ሄድኩ። ስለ ደላላ ሁሉ ክፉ አልናገርም፣ በደላላ ጥሩ ቤት ያገኙ ሰዎች አውቃለሁ። የኔው ግን የባሰበት ነበር። «አንድ ክፍል ሰርቪስ፣ 1,900፣ ልጅ ችግር የለውም» አለኝ። ልጅ ችግር የለውም የምትለዋ ቃል አሳወረችኝ። ወስዶ በመስኮት አሳየኝ። ሊሾ ነው፣ ኮርኒስ አለው። «ባለቤቷ ለቅሶ ሄዳ ነው፣ ቁልፉ እሷ ጋ ነው፣ ሌላ ሰው እንዳይቀድምህ ቀብድ ጣል» አለኝ። 2,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ።

እሁድ ጠዋት ፍራሻችንን ባጃጁ ላይ ጭኜ ስደርስ በሩ ላይ ሌላ ፍራሽ ቆሟል። የፍራሹ ባለቤት አንድ ወጣት ነው። ትንሽ ቆይቶ ሦስተኛ ሰው ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ደረሰ። ሦስታችንም ቀብድ ከፍለናል። የቤቱ ባለቤት ወጥተው ግራ ገብቷቸው አዩን። ክፍሉ የሚከራይ አልነበረም፤ ተከራያቸው አገር ቤት ሄዶ ነው የተዘጋው። የደላላው ስልክ ዝግ ነው። ወጣቱ መሳቅ ጀመረ፣ እኔም ሳቅሁ። ጋሪ ነጂው ብቻ አልሳቀም፤ የመመለሻ ሒሳቡን እየጠየቀ ነበር።

ቀብድ ለደላላ አይሰጥም። ለባለቤቱ በእጁ፣ ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ ካያችሁ በኋላ፣ በወረቀት ነው የሚሰጠው። ባለቤት መሆኑን ለማወቅ ካርታ አምጡ ማለት ያሳፍራል፤ የመብራት ወይም የውሃ ቢል ላይ ያለውን ስም ከመታወቂያው ጋር ማየት ግን አያሳፍርም። ባይሆን ጎረቤት ሱቅ ገብታችሁ ለስላሳ እየጠጣችሁ «ያ ግቢ የማን ነው?» በሉ። ሱቅ ጠባቂ የማያውቀው ግቢ የለም።

ያ 2,000 ብር ሲሄድ የሄደው ብሩ ብቻ አይደለም። ትዕግሥቴም አብሮ ሄደ። ቀጥሎ ያደረግኩትን ያደረግኩት ለዚህ ነው። ሰበብ መሆኑንም አውቃለሁ።

«ላጤ ብቻ» የተባለ ክፍል በ1,800 ብር አገኘሁ። ላጤ ነኝ አልኩ። ልጆቹ አያታቸው ጋ እንደሆኑ ነገርኩ። ማታ አራት ሰዓት ላይ ትልቋን በጀርባዬ፣ ትንሹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስገባኋቸው። ቀን ቀን በሩን ከውጭ ቆልፌባቸው ሥራ እሄዳለሁ። ሐምሌ ነው፣ ትምህርት የለም። መጋረጃ አትክፈቱ፣ አትሩጡ፣ ሰው ቢያንኳኳ ዝም በሉ። ፖፖውን ማታ ማታ ተደብቄ እደፋለሁ። ልጄ ሻይ ስትጠጣ እንኳ ማንኪያውን ብርጭቆው እንዳይነካባት ቀስ አድርጋ ማማሰል ለመደች። አስራ አንድ ቀን እንዲህ ኖርን።

በአስራ አንደኛው ቀን ለምሳ ስመለስ አከራይዋ መስኮታችን ስር ቆመዋል። እጃቸው ላይ ትንሽ ሰማያዊ የኮንጎ ጫማ ይዘዋል። ማታ ቧንቧው ጋ አጥቤው የረሳሁት ነው። በመስኮቱ ፍርግርግ ልጄን ይጠይቋታል።

«ይቺ ጫማ የማናት?»

«የማንም አይደለችም» አለች ልጄ።

ከኋላዋ ትንሹ ጮኸ፦ «የኔ ናት!»

ሴትየዋ አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። «በሩን ክፈት» አሉኝ፣ ከፈትኩ። ልጆቹን አወጧቸው፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጧቸው፣ ዳቦ ሰጧቸው። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «የማስወጣህ ልጅ ስላለህ አይደለም። ቆልፈህባቸው ስለሄድክ ነው። እሳት ቢነሳስ? እኔ ቁልፍ የለኝ፣ መኖራቸውን አላውቅ።» መልስ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም። ሳምንት ሰጡኝ፣ ከከፈልኩት ቅድመ ክፍያም ያልኖርኩበትን መለሱልኝ። ብዙ አከራይ ይህን አያደርግም።

ስለዚህ ልጅ አትደብቁ። አከራዩን ማታለል ነውር ነው ብዬ ብቻ አይደለም። የምትደብቁት ልጅ መደበቁን ያውቃል። ልጄ የወንድሟን ጫማ የማንም አይደለም ያለችው እኔ ስላስተማርኳት ነው።

ከዚያ በኋላ ዘመድ ሁሉ አንድ ነገር ይለኝ ጀመር፦ «ልጆቹን ለአያታቸው ስጥና አንተ ሥራህን ሥራ።» እናቴ ይርጋለም ነው ያለችው፣ ሩቅ አይደለም። ግን ስኳር አለባት፣ ጉልበቷም ደክሟል። ልጅ ለክረምት ሲሄድና ለዘለቄታው ሲሄድ ደግሞ አንድ አይደለም። ወሰድኳቸው፣ ግን ቀን ቆርጬ ነው። ለትልቋ «ቡሄ ከመድረሱ በፊት እመጣለሁ» አልኳት። እኔ ጓደኛዬ ጋ ተደርቤ ማደር ጀመርኩ፤ ዕቃችን ባጃጁ የሚያድርበት ግቢ ጥግ ላይ በላስቲክ ተሸፈነ። ልጆቻችሁን ዘመድ ጋ የምታቆዩ ከሆነ የምትወስዷቸውን ቀን ተናግራችሁ አስቀምጧቸው። ቀን ካልተቆረጠ ፍለጋችሁም ይላላል፤ እኔ ራሴን ስለማውቀው ነው።

አሁን ወደ እንጀራ ሻጯ ልምጣ።

ከአንዲት ሴት እንጀራ ስገዛ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በየቀኑ ማታ አራት እንጀራ። ከአላሙራ በኩል ያሉ ብዙ ግቢዎች ደንበኞቿ ናቸው፤ ጠዋትና ማታ እየዞረች ታደርሳለች። አንድ ማታ አንድ እንጀራ ብቻ ስጠይቃት እጇ ላይ ያለውን ፌስታል እንደያዘች ቆመች።

«ልጆቹስ?»

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ጫማውን ጭምር።

«አንተ ደግሞ!» አለችኝ። «ቤት የሚፈልግ ሰው ደላላ ጋ ይሄዳል? እኔን አትጠይቀኝም?» ከዚያ እንዲህ አስረዳችኝ፦ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይ ሲለቅ ከአከራዩ ቀጥሎ የምታውቀው እሷ ናት። እንጀራው ይቀንሳላ! ስምንት የሚወስደው ግቢ አምስት ሲል፣ ሦስት እንጀራ የሚበላ ሰው ወጥቷል ማለት ነው። ደላላ ጆሮ እስኪደርስ ሳምንት ይፈጃል። አንዳንዱ አከራይ ደግሞ ደላላ ግቢው እንዲገባ ስለማይፈልግ ጭራሽ አይነግረውም፤ የሚያምነው ሰው እስኪያመጣለት ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል።

የኛ ዓይነት ሰው የሚከራየው ቤት እንደዚህ ነው የሚገኘው። እንጀራ ሻጭ፣ ከሰል ሻጭ፣ ውሃ በጀሪካን የሚያመላልስ ልጅ፣ የሰፈር ሱቅ፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ። እነዚህ ሰዎች ክፍት ክፍል ማወቃቸው ብቻ አይደለም ጥቅሙ። እናንተንም ያውቋችኋል። በዱቤ ወስዳችሁ በቀናችሁ መክፈላችሁን፣ ሰክራችሁ አለመግባታችሁን፣ ልጆቻችሁን አለመደብደባችሁን አይተዋል። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ለማያውቁኝ ሰዎች ራሴን ሳስረዳ፣ የምታውቀኝን ሴት በየማታው «አራት ስጪኝ» ብቻ ነበር የምላት።

በአራተኛው ቀን ደወለችልኝ። «አንዲት እናት አሉ፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው፣ ብቻቸውን ናቸው። ነግሬያቸዋለሁ። ልጆች እንዳሉህም፣ ሚስት እንደሌለህም ነግሬያቸዋለሁ። ይምጣ ብለዋል።»

ይሄኔ ያለፈውን ስህተት አልደገምኩም። ብቻዬን አልሄድኩም። በማግስቱ ጠዋት ይርጋለም ወርጄ ልጆቹን አመጣሁና ከነሱ ጋር ሄድኩ። ታጥበዋል፣ ፀጉሯን እናቴ ሠርታታለች። አከራይዋ ወንበር ሲሰጡኝ ሳይጠይቁኝ ቀድሜ ተናገርኩ። ሥራ የምወጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ የምገባው ማታ አንድ ሰዓት። ልጆቹ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ቀትር ትምህርት ቤት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የእንጀራ ሻጯ ልጅ ትይዛቸዋለች፣ በሳምንት 200 ብር ተስማምተናል፣ ስልኳ ይኸው። አልጠጣም። ሴት አላመጣም። የድሮው አከራዬ ስልክ ይኸው፣ አራት ዓመት ኖሬባቸዋለሁ፣ ይደውሉላቸው።

ደወሉ። እፊቴ ነው የደወሉት። የድሮው አከራዬ «ልጄ ባያገባ አልለቀውም ነበር» ሲሉ ድምፃቸው ለኔም ተሰማኝ። ከድሮ አከራያችሁ ጋር ተጣልታችሁ አትውጡ የምላችሁ ለዚህ ነው። ስትለቁ ክፍሉን ጠርጋችሁ፣ የመብራቱን ሒሳብ ዘግታችሁ፣ ቁልፉን በእጃቸው ሰጥታችሁ ውጡ። ተናዳችሁም ቢሆን።

ትልቋ በዚህ መሀል የሴትየዋን ቡና ጀበና እያየች «እኔ ማጠብ እችላለሁ» አለች። አላዘዝኳትም። አከራይዋ «ተይው የኔ ልጅ፣ ይሰበራል» አሏት። ግን ፊታቸው ፈታ አለ።

ዋጋው 2,200 ሆነ። የሦስት ወር ቅድሚያ ጠየቁኝ፣ በሁለት ጨረስን። ለሁለቱም ቢሆን ብር አልነበረኝም። ከባጃጅ ነጂዎች ጋር እቁብ እጥል ነበር፣ ዕጣዬ ገና ነው። ዳኛው ጋ ሄጄ ለመንኩት። ዕጣ የወጣለት ልጅ ተራውን ለቀቀልኝ፤ እሱ ችኮላ አልነበረበትም፣ ሁለት ዋስ ጠርቼ ወሰድኩ። እቁብ የሌላችሁ አሁን ግቡ። ቤት ሲጠፋ ባንክ አያበድርህም፣ እቁብተኛ ግን ያዝንልሃል።

ክፍሉን ደግሞ በዝናብ ነው ያየሁት። ዕድል ሆኖ ያን ቀን ከሰዓት ጣለ፣ «እስቲ ጣራውን ልየው» ብዬ ተመልሼ ሄድኩ። ሐዋሳ ክረምት ላይ ቤት የምታዩ ሰዎች ይህን አድርጉ። ዝናብ ከሌለ ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ፤ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል እድፍ ካለ ያፈሳል። ውሃ በፈረቃ ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ሮቶ ካለ ተከራይም ከሱ ይቀዳ እንደሆነ ጠይቁ። ልጅ ላለው ሰው ውሃ ከኪራዩ እኩል ነው። ሽንት ቤቱን ለስንት ሰው እንደሆነ ጠይቁ፣ ከክፍሉ እስከዚያ ድረስ ማታ አምፖል መኖሩንም እዩ። ልጄ ጨለማ ትፈራለች። ይህን ሳላይ የገባሁበት ቤት ስለነበር ነው የምላችሁ።

ውል ጻፍን። አንድ ገጽ ነው፣ በእጅ የተጻፈ፣ ሁለት ምስክር፣ አንዷ እንጀራ ሻጯ ናት። ዋጋው፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ቅድሚያ የተከፈለው፣ መብራት በስንት እንደሚካፈል፣ ምጣድ ይሰካል ወይስ አይሰካም (አይሰካም፣ እንጀራ እገዛለሁ)፣ ውሃ በሰው ቁጥር ሲታሰብ ትንሹ እንደማይቆጠር። የመጨረሻዋን እኔ ነኝ ያስገባኋት፣ አከራይዋ ሳቁ፣ ግን ፈረሙ። ገና በገባሁ ቀን ቆጣሪውን በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ኪራዩን በቴሌብር ነው የምልከው። መቼ እንደከፈልኩ ስልኬ ይናገራል፤ እኔና እሳቸው አንከራከርም።

የዕለት ገቢ ያላችሁ፣ ኪራይን በወር አታስቡት። 2,200 ብር በአንድ ጊዜ ከኪሴ ሲወጣ አልችለውም። በሥራ ቀን 90 ብር ግን እችላለሁ። በወር 26 ቀን እሠራለሁ፣ 2,340 ይመጣል። የቀረችው ለውሃ ትሆናለች። ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች የሰጡኝን ነው ለይቼ የማስቀምጠው። ማታ የቀረውን ላስቀምጥ ካልኩ ማታ የሚቀር ነገር የለም።

ስለ ሕጉ ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔ ቤት ስፈልግ አልወጣም ነበር። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ ይላል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በወሰነበት ከተማ ስለሆነ፣ ያላችሁበትን ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ጠይቁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ቤቱን ልታዩ በሄዳችሁ በመጀመሪያው ቀን የአዋጅ ቁጥር አትጥሩ። ሕጉ ይጠቅማችኋል፣ ግን የገባ ተከራይን ነው የሚጠቅመው። በር ላይ ያለን ሰው አከራይ «ይሄ ክርክር ይወዳል» ብሎ ይሸኘዋል። መጀመሪያ ተዋወቁ፣ ከዚያ «ውላችንን በሕጉ መሠረት እንጻፈው፣ ለእርስዎም ይሻላል» በሉ።

የቀበሌ መታወቂያም አትርሱ። ብዙ ተከራይ ከቀበሌ ቀበሌ ሲዛወር መሸኛ ሳያመጣ ይቀራል፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። ከድሮው ቀበሌ መሸኛ አውጡ፣ አዲሱ አከራያችሁ እንደምትኖሩ እንዲያረጋግጡላችሁ ቤቱን ስትይዙ ጠይቁ፤ በኋላ «ለምን?» ይመጣል። ልጅ ትምህርት ቤት ለማስመዝገብም ሆነ ቀበሌ የሚያልፍ ማንኛውም ድጋፍ ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ሐዋሳ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ከኛ መሀል ያኔ በወረቀት ምክንያት የቀረ ሰው አውቃለሁ፤ ለድህነቱ ማስረጃ አላጣም፣ ለአድራሻው ነው ያጣው።

ቡሄ ከመድረሱ ሦስት ቀን ቀድመን ገባን። ትንሹ የመጀመሪያውን ማታ «እዚህ መሮጥ ይቻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይቻላል አልኩት። ከበር እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ በር ሮጠ። አከራይዋ በረንዳ ላይ ተቀምጠው «ኧረ ይሄ ልጅ ይወድቃል» ይላሉ። ወደቀም።

እዚህ ቤት ከገባን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ኪራዩ አንድ ጊዜ 400 ብር ጨምሯል፣ ተነጋግረን ነው። እንጀራ ሻጯ አሁንም አራት ታመጣልኛለች፤ ትንሹ እያደገ ስለሆነ በቅርቡ አምስት እላታለሁ። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ እንጀራውን ስትሰጠኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከታች ያለው አረንጓዴ በር አራት ቀንሷል» ብላኛለች። ለጀበና ቡና ሻጯ ልጅ ነግሬአታለሁ። ዛሬ ከሰዓት ልጇን ይዛ ልታየው ትሄዳለች።